ቃጭሉ ከውሃው ውጭ ይሰቀል!

ዱባይ ያለው አጎቴ የባሕር ዓሣና ኮራል የሚያኖርበት የመስታወት ገንዳ አለው። ባለፈው ክረምት ሲመጣ የናስ ቃጭል ሰጠሁት፤ እሱ ደግሞ ለጌጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ፣ ኮራሎቹም ተኮማተሩ። ለካ ናስ መዳብና ዚንክ ነው! ተምረነዋል፣ ግን ማን አስታወሰ? በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ጨው ደግሞ ናስን ይበላዋል፣ መዳቡም ውሃው ውስጥ ይገባል። ዓሣ ትንሽ መዳብ ይችላል፣ እንዲያውም ሲታመም በመድኃኒትነት ይሰጠዋል፤ ቀንድ አውጣና ኮራል ግን አይችሉም። አጎቴ አሁን "ቀለም ቀብቼ ልመልሰው" ይላል። እኔ በፍጹም አልስማማም፤ ቀለሙ ትንሽ ከተሰነጠቀ ያው ነው። የግድ ብረት ካማረው በጨው ውሃ የማይዝግ ቲታኒየም ይፈልግ። ቃጭሉን ውጭ ይስቀለው፤ ውሃ ውስጥ መቼም አይደወል!