አክራሪው ሐኪም ቤት ወይስ ችሎት?
«የሃይማኖት አክራሪነት የአእምሮ ሕመም ነው» የሚሉ ሁሉ ወደ ድንበር ከተማዋ መተማ ወረድ ይበሉ። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎን ሙስሊም «ተጠመቅ» ያሉት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ሆኑ «ስለሙ» ብለው የጻፉላቸው የሱዳኑ መሪ ኸሊፋ አብዱላሂ አእምሯቸው ሙሉ ነበር፤ ግብር ያስገብራሉ፣ ጦር ያሰልፋሉ፣ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። የኸሊፋው ጦር ድርቡሽ በ1880 ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለውም አውቆ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆሰሉ፤ በቁስሉም ሞቱ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ይህን እብደት ብሎ ማለፍ ለአድራጊው ምሕረት ነው። (አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ደጃፍ መድኃኒት የሚጠብቀው ምስኪን ምን በደለና ከአክራሪዎች ጋር ይቆጠራል?) ስያሜው ለበደልም ያመቻል፤ ሶቪየት ኅብረት አማኞችን «ሕመምተኛ» እያለች በሆስፒታል ቆልፋባቸዋለች። ስለዚህ ሐኪሞቻችንን እንተዋቸው፤ በእምነት ስም እጁን በሰው ላይ ያነሳውን ዳኛ ይየው።