ሃምሳ ሁለት ካርታና አንዲት እንዝርት

ቤታችን ካርታ አይገባም ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደመወዝ በተቀበለ ቀን ኮንከር ላይ ተቀምጦ ባዶ ኪሱን የሚመለስ ሰው ነበር። ያሳደገችን እናቴ ናት፤ እንዝርቷን አሹራ፣ ፈትል ሸጣ። ስለዚህ ባለፈው ክረምት የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ትራስ ሥር አንድ ፓኮ ካርታ ሳገኝ ምን እንደሆንኩ መገመት አያቅታችሁም። ምንም አልጠየቅኳትም። ቡና እየፈላ ስለነበር ካርታውን አንስቼ ከሰሉ ላይ ጨመርኩት።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አልቆመርኩበትም፤ እየተለማመድኩ ነበር» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

በአራተኛው ቀን እናቴ ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳትነቅል «ልጅቱ ምን ስትሠራ እንደነበር ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ካርታ ነዋ!»

«እኔ ግን አይቻታለሁ። ወር ሙሉ አልጋዬ ላይ ስትጥል ስታነሳ ነበር። አባትህን የወሰደው ገንዘቡ ነው። እሷ ምን ብር ይዛለች? ሂድና ሌላ ግዛላት።»

በካርታ ከማናችንም በላይ የተጎዳችው እናቴ ናት። እሷ እንዲህ ካለች እኔ ምን እላለሁ? ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ቤታችን ሾላ ገበያ ወርጄ አዲስ ካርታ ገዛሁ። ልጄንም ይቅርታ ጠየቅኳት። «እስቲ አሳዪኝ» አልኳት።

የምትለማመደው ካርታን በአንድ እጅ መቁረጥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የካርታ ጥበብ ያሳይ በነበረ ሻርሊዬ በተባለ ሰው ስም ይጠራል። ካርታው ከመዳፍ ከፍ ብሎ በጣቶች ጫፍ ይያዛል፤ አውራ ጣት በአንድ ጎን፣ የመካከለኛውና የቀለበት ጣት በሌላው ጎን፣ ትንሿ ጣት በግርጌ። አውራ ጣት ትንሽ ሲላላ የታችኛው ግማሽ መዳፍ ላይ ይወድቃል። ሌባ ጣት ከሥሩ ገብታ ወደ አውራ ጣት እየገፋች ታቆመዋለች። ያኔ የላይኛው ግማሽ ሾልኮ ይወርዳል፤ የቆመው ደግሞ በላዩ ይተኛል። የታቹ ላይ፣ የላዩ ታች ሆነ ማለት ነው። ሲያዩት አንድ ሰከንድ አይፈጅም።

እኔም ሞከርኩት። ሃምሳ ሁለቱም ካርታ ወለሉ ላይ ተበተነ። ልጄ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አለማመዷን ሳይ የምማረው እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። እጇ ትንሽ ስለሆነ በግማሹ ካርታ ትጀምራለች። ሲወድቅ ለመልቀም እንዳትጎነበስ አልጋ ላይ ትሠራለች። በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ግን ሳታቋርጥ። መጀመሪያ ያቺን አውራ ጣት የማላላቷን ነገር ብቻ ትደጋግማለች፤ ገፋ ማድረጉ የመጣው በኋላ ነው። ማፍጠን የጀመረች ሳምንት የተማረችው ሁሉ ተበላሸባት። አለቀሰችም። «ተይው በቃ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ቅዳሜ ንጋት ላይ በጉራራ በኩል ወደ እንጦጦ ይዣት ወጣሁ። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው ከፍታ ላይ እኛ ለመተንፈስ ስንቸገር አትሌቶቹ ተከታትለው በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዙ ያልፋሉ። ልጄ ቆማ አየቻቸውና «አባዬ፣ ቀስ ብለው እኮ ነው የሚሮጡት» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሁልጊዜ በሙሉ ኃይላቸው አይሮጡም፤ ዝግ ብለው እግራቸውን የሚያላምዱበት ቀን አላቸው። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታመጣ እኛ ያየነው 31 ደቂቃውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለፈውን ንጋት ሁሉ ማን አየ?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍጥነቱን ተወችው።

አንድ ማታ እናቴ ጠርታት እንዝርቷን አስያዘቻት። ልጄ ባዘቶውን ስባ ብታሾረው ፈትሉ ብጥስ አለ። ደገመችው፤ ተበጠሰ። «አየሽ፣ እጅሽ ቸኮለ» አለቻት እናቴ። «እኔም በአንቺ ዕድሜ እናቴ ፊት ስበጥስ ነው ያደግኩት። የተበጠሰው ይቀጠላል። ካርታሽም ያው ነው።»

ስድሳ ዓመት ሙሉ በእጇ የለፋች ሴት፣ የሌላን እጅ ልፋት አልጋ ላይ ሲወድቅ ሲነሳ አይታ ለየችው። እኔ ያየሁት ካርታውን ብቻ ነበር።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ካርታ ሁሉ ይግባ እያልኩ አይደለም። በቤታችን አሁንም ሕግ አለ፤ ገንዘብ የተያዘበት ጨዋታ የለም፣ ከጥናት ሰዓት የሚሰረቅ ደቂቃ የለም። ግን ልጃችሁ እጅ ላይ የማትወዱትን ነገር ስታዩ፣ ከሰሉ ላይ ከመጨመራችሁ በፊት «ምን እየሠራሽበት ነው?» በሉ። ሲወድቅም አትሳቁ፤ ሲሳካም «ጎበዝ ናት» ብላችሁ ለእንግዳ ሁሉ አታሳዩ። ልምምዱ የእሷ ይሁን።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ ልጄ አያቷ ፊት ቁጭ ብላ ሙሉውን ፓኮ በግራ እጇ ያዘች። ታችኛው ወረደ፣ ቆመ፣ ተገለበጠ። አንድም ካርታ አልወደቀም። ሁላችንም እናቴን አየናት። እንዝርቷን አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ድገሚው» አለቻት።

ቸር ይግጠመን። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።