«ኮሌሪክ ነኝ» ማለት ንስሐ አይደለም

በአንድ የመዘምራን ልምምድ ላይ አንድ ወንድም ዘግይታ የመጣችን እህት በሰው ፊት ተናግሮ አስለቀሳት። ከልምምዱ በኋላ ይቅርታ እንዲጠይቃት ስመክረው ፈገግ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ኮሌሪክ ነኝ፤ ተፈጥሮዬ ነው» አለኝ።

ምን ልመልስለት? ቃሉን ያስያዝኩት እኔው ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት በወጣቶች ክፍል ሰሌዳውን ለአራት ከፍዬ ሳንጉዊን፣ ኮሌሪክ፣ ሜላንኮሊክ፣ ፍሌግማቲክ ብዬ ጻፍኩና እያንዳንዱ ራሱን እንዲመድብ አደረግኩ። ሳቁና ጨዋታው ልዩ ነበር። በዚያ ዓመት ካስተማርኩት ሁሉ ሳይረሳ የቀረው ይኸው ነው። ስለዚህ የምወቅሰው ከራሴ ጀምሬ ነው።

የምለው አጭር ነው። አራቱን ቴምፕራመንቶች ከወጣቶች ትምህርታችን እናውጣቸው። በቦታቸው ተማሪዎቻችን አንደኛ ዓመት ላይ በግቢ የሚወስዱትን የሳይኮሎጂ መግቢያ በቁም ነገር እንማር።

የሚገርመው ልጆቻችን ጀነራል ሳይኮሎጂ ሊማሩ ሲሄዱ «ተጠንቀቁ፣ የዓለም ጥበብ ነው፤ ፍሮይድ እምነታችሁን እንዳይሰርቃችሁ» ብለን መሸኘታችን ነው። ፍሮይድን ከበር መልሰን ገሌንን በመስኮት አስገብተናል። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ሰውነት አራት ፈሳሾች አሉት ብለው ያምኑ ነበር፤ ደም፣ ቢጫ ሐሞት፣ ጥቁር ሐሞትና አክታ። በሁለተኛው መቶ ዘመን የኖረው ሐኪም ገሌን የሰውን ጠባይ ከእነዚህ ፈሳሾች ሚዛን ጋር አያያዘው። ደም የበዛበት ተጫዋች፣ ቢጫ ሐሞት የበዛበት ቁጡ፣ ጥቁር ሐሞት የበዛበት ትካዜኛ፣ አክታ የበዛበት ዝግተኛ ነው ተባለ። ሕክምና ይህን ሐሳብ በ19ኛው መቶ ዘመን ትቶታል። ወደ እኛ ወንጌላውያን ግን የኖርዌዩ የሉተራን የሥነ መለኮት ሰው ኦሌ ሃለስቢ ጻፈው፤ አሜሪካዊው ፓስተር ቲም ላሄይም ከእርሱ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ አሰራጨው። ጴጥሮስን ሳንጉዊን፣ ሙሴን ሜላንኮሊክ ያደረጋቸው ይህ ትምህርት ነው እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም።

«ግን እኮ በትክክል ይገልጸኛል!» የሚለኝ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሳይኮሎጂ መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መመዘኛ ሰጠ። ቆይቶም ለእያንዳንዳቸው ውጤታቸውን በጽሑፍ አደለ። ጽሑፉ ምን ያህል እንደገለጻቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ምስጢሩን ገለጠላቸው፤ ለሁሉም የታደለው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ የወሰደውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። እኛ ከኮከብ ቆጣሪ ደጃፍ እንሸሻለን፤ ያው ዘዴ በጉባኤ መድረክ ላይ ሲመጣ ግን «አሜን» እንላለን።

ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወለዳል ማለቴ አይደለም። ሁለት ልጅ ያሳደገች እናት ልዩነቱን ያለ ኮርስ ታውቀዋለች። አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በኒው ዮርክ ሕፃናትን እየተከታተሉ ሲያጠኑ ልዩነቱን ገና በጨቅላነት አይተውታል፤ በሦስት ወገንም መድበውታል። ሆኖም ከሕፃናቱ 35 በመቶ ያህሉ ከየትኛውም ወገን አልገቡም፤ አጥኚዎቹም በግድ አላስገቧቸውም። በእኛ ሰሌዳ ላይ ግን ለማይገባው ቦታ የለም። የዛሬ ሳይኮሎጂ ጠባይን የሚለካው በመጠን ነው፤ ቁመትን በሴንቲሜትር እንደምንለካ ማለት ነው። ሰውን «ረጅም» እና «አጭር» ብለን በሁለት ነገድ አንከፍልም።

«ታዲያ ጨዋታ ቢሆን ምን ይጎዳል?» ትሉኝ ይሆናል። አንደኛውን ጉዳት ከላይ አይታችኋል፤ ኃጢአት የክብር ስም ያገኛል። ሁለተኛው ይብሳል፤ በባለታሪኳ ፈቃድ ልንገራችሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ ከኅብረት መቅረት ጀመረች። ስትመጣም ከኋላ ተቀምጣ ቶሎ ትወጣለች። «ምን ሆና ነው?» ሲባል መልሱ ዝግጁ ነበር፤ «እሷ ሜላንኮሊክ ናት፤ ጠባይዋ ነው።» ይህን የመለስኩት እኔ ነኝ። ለወራት እንቅልፍ እንዳጣች፣ ምግብ እንደዘጋት፣ ትወደው የነበረው መዝሙር እንኳ እንደጠላት ያወቅነው እናቷ እያለቀሱ ሲነግሩን ነው። ሐኪም ድባቴ መሆኑን ነገራቸው። ዛሬ ጌታ ይመስገን ተሽሏታል። እኔ ግን የድባቴን ምልክቶች በኮሌጅ ሸምድጄ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት ያላነሰ ሐዘን ወይም ለማንኛውም ነገር ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት። በፈተናው ኤ አመጣሁበት፤ ከፊቴ ስትቀመጥ ግን አላየኋትም። በላይዋ የለጠፍኩት ስም ጋረዳት።

ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን ሲለምን መልአኩ ጠባዩን አልመደበለትም። እንዲተኛ ተወው፤ ቀስቅሶም እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞም እንዲተኛ ተወው። ቀጥሎ ነው ወደ ኮሬብ የተጓዘው (1ኛ ነገሥት 19)።

ከመግቢያው ኮርስ አንድ ትምህርት ብቻ ያዙ ብባል ይህን እይዛለሁ፤ የሌላውን ጥፋት ስናይ ጠባዩን እንከሳለን፤ የራሳችንን ስናይ ሁኔታውን እንተርካለን። እሱ ከዘገየ ሰነፍ ስለሆነ ነው፤ እኔ ከዘገየሁ ታክሲ ጠፍቶ ነው። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። የፕሪንስተን ሴሚናሪ ተማሪዎችን አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው፤ የግማሾቹ ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተኮራምቶ ያስላል፣ ያቃስታል። ሰፊ ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶዎቹ ረዱት። «ዘግይተሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት ግን የረዱት 10 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ስለ ሳምራዊው ሊናገሩ መሄዳቸው ጉልህ ልዩነት አላመጣም።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ቁጥር ሊያስደነግጠን ይገባል። ካህኑና ሌዋዊው ፍሌግማቲክ ስለነበሩ አላለፉም እንበል፤ እኛስ እህታችንን ያለፍናት ለምንድን ነው? ቅዳሜ ልምምድ፣ እሑድ አገልግሎት፣ ከዚያ ለጉባኤ ዝግጅት እንሮጣለን። በሩጫ መካከል «ሜላንኮሊክ ናት» የሚለው ቃል ቆመን ከመጠየቅ አዳነን።

«መጽሐፍ ቅዱስ አይበቃንም ወይ?» ለሚሉኝ አባቶችም በአክብሮት እመልሳለሁ። ሳይኮሎጂ ኃጢአትን ይቅር አይልም፤ አዲስ ልብም አይሰጥም። ያ የጌታ ሥራ ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ይበቃናል የምንል ከሆነ፣ ገሌንን ከሰሌዳችን የማጥፋት ግዴታ ቀድሞ የእኛ ነው። ግቢ ያላችሁም ኮርሱን ለውጤት ብቻ አትሸምድዱት። የተማራችሁትን ይዛችሁ ኑና ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ሰው እዩት።

ያንን ወንድም በሚቀጥለው ሳምንት ጠርቼ ያስተማርኩት ስሕተት እንደነበር ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ታዲያ ቁጣዬ ምንድን ነው?» አለኝ። «ቁጣ ነው» አልኩት። ወደ እህታችን አብረን ሄድን፤ አስቀድሜ ይቅርታ የጠየቅኳት እኔ ነበርኩ።