«በሞቴ» ማለት ይቅርብን

የተከበራችሁ የሀና ማርያም ነዋሪዎችና የእድራችን አባላት፣

ባለፈው ወር ኩላሊቱን የሚያመውን ጎረቤታችንን ልጠይቅ ሄድኩ። ባለቤቴ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይዛለች። ሰውዬው «ሐኪም ከልክሎኛል» ቢልም፣ «በሞቴ! አንድ ቀን ምን ያመጣል?» ብዬ አጎረስኩት። እምቢ ማለት አፍሮ ዋጠ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን ጠየቅኋት።

የነገረችኝ ይህ ነው። ኩላሊት ሲደክም የደም ስብ በወጉ አይወገድም፤ እየተከማቸ የልብን ደም ሥር ያጠባል። ስለዚህ ብዙ የኩላሊት ሕመምተኛ ኩላሊቱ ጨርሶ ሳይቆም በልብ ሕመም ይሞታል። ቅቤና የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህላቸው የደም ስብን ከፍ የሚያደርግ ቅባት ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት ይሻላል፤ እሱም በልኩ።

«መድኃኒት የለውም ወይ?» አልኳት። አለው። በ2003 ዓ.ም. ውጤቱ የወጣ፣ ከ9,000 በላይ የኩላሊት ሕመምተኞች የገቡበት ጥናት፣ ስብ የሚቀንስ መድኃኒት የልብና የደም ሥር አደጋን በ17 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ግን ሐኪም ነው የሚያዘው፤ ደግሞም ምግብን አይተካም።

አንዳንዱ «የጾም ከሆነ ችግር የለውም» ይላል። አለው እንጂ! ዘይትና ጨው የበዛበት ሽሮ ጾም ስለሆነ ብቻ ለኩላሊት አይስማማም። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ድንች፣ ሙዝና ቲማቲም ሲበዛ ፖታሲየሙ ልብ ላይ አደጋ ያመጣል። በማሽን የሚታጠብ ሰው ደግሞ ፕሮቲን ስለሚያስፈልገው፣ አትብላ ብሎ ማስራብም ጥፋት ነው። የአንዱ ምግብ ለሌላው አይሆንም።

በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ነገር ግን ሰጪ ካልተገኘ አይሆንም፤ እጥበቱም ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ያለውን ኩላሊት ማቆየት ይበልጣል።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይኸው ነው።

1ኛ/ ሕመምተኛ ስንጠይቅ ምግብ ከመያዛችን በፊት ቤተሰቡን «ሐኪሙ ምን ፈቀደ?» እንበል።

2ኛ/ በለቅሶ ቤትና በዝክር፣ ዘይትና ጨው ያነሰበት ወጥ በትንሽ ድስት ለብቻ ይቀመጥ።

3ኛ/ «አልበላም» ያለን ሰው አናስገድድ። ፍቅራችን በጉርሻ ብቻ አይለካም።

እድራችን ቀባሪ ብቻ መሆን የለበትም፤ ሰው በሕይወት ሳለም ይርዳ እንጂ። ጉዳዩን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ስለማቀርበው እስከዚያ በየቤታችሁ ተነጋገሩበት። እኔ ጎረቤቴን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የእድሩ ጸሐፊ