ያልተመዘነ ድንጋይ ምስክር አይሆንም

ውድ እህት ወንድሞች፣ ለእረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ከምንጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «አገራችን ነዳጅ አላት ወይ?» የሚል ነው። በጉንደ ወይንና በአካባቢዋ ጥያቄው ምክንያት አለው። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እስከ አባይ ይወርዳል፤ ማዶው ደቡብ ጎንደር ነው። በደቡብ ወሎ ወረኢሉም የነዳጅ ዘይት ከመሬት ሲሰርግ መታየቱን የጂኦሎጂ ባለሙያዎች መዝግበዋል። ከዚህ ተነስተን «ጎጃም በዘይት ላይ ተኝታለች» እንላለን። ይህን ለማለት ግን ድንጋዩን የጠየቀው ማን ነው?

ብዙዎቻችን ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተንጣሎ የሚገኝ ይመስለናል። እውነታው ሌላ ነው፤ ዘይትና ጋዝ የሚቀመጡት በአለት ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ የማከማቻ አለት ጥራት በሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ፖሮሲቲ ነው፤ ከአለቱ ስንት እጁ ባዶ ቀዳዳ እንደሆነ ይነግረናል። ሁለተኛው ፐርሚያቢሊቲ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ተያይዘው ፈሳሽ ያሳልፉ እንደሆነ ያሳየናል። ቀዳዳው ብዙ ሆኖ ካልተያያዘ ዘይቱ ቢኖርም አይወጣም። ሲሊካ፣ ካልሳይት ወይም ሸክላ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ከደፈነውም ያው ነው።

ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በአባይ በረሃ የወረደ ሁሉ እነዚህን አለቶች በዓይኑ አይቷል። ከላይ ባዛልት፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጂፕሰም፣ ከሥር ደግሞ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይገኛል። በሶማሌ ክልል ካሉብ ጋዝ ከያዙት አለቶች አንዱ ይኸው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። ሆኖም ስም አንድ ስለሆነ ጥራቱ አንድ አይሆንም። አንዱ ቦታ ልቅ የሆነው ሌላ ቦታ የተደፈነ ሊሆን ይችላል። ገደል ላይ ፀሐይና ዝናብ የመታው ድንጋይም በጥልቀት ከተቀበረው ይለያል። በዚያ ላይ ዘይቱ የሚመነጭበት አለት፣ ከላይ የሚከድነው ንጣፍና የሚይዘው ወጥመድ ያስፈልጋል። ካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲሆን የምርቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። ከግኝት እስከ ምርት ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ ታስተምረናለች። ይህ ለሰው ስም ብቻ የሚሠራ አደብ አይደለም። የገጠር ዘመዶቻችን «የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው ያለው» ብለው ያምኑናል። በእኛ ቃል ተስፋ የሚያደርግ፣ ስለ መሬቱ የሚወስን ገበሬ አለ። ንግግራችን አማና ነው።

ማጣራቱም ከአቅማችን በላይ አይደለም። ደረቅ የአሸዋ ድንጋይ ይመዘናል፤ አየሩ ወጥቶ በውሃ እስኪሞላ ድረስ ይነከርና እንደገና ይመዘናል፤ ልዩነቱ የቀዳዳውን መጠን ይሰጣል። ከሺህ ዓመት በፊት አቡ ረይሃን አል-ቢሩኒ የማዕድናትን እፍግታ የለካው በዚሁ መንገድ፣ በሚዛንና በውሃ ነበር። ይህ ኢልም ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ ጂኦሎጂ የደረሳችሁ እህት ወንድሞች፣ ሌላ ዲፓርትመንት አልሞላ ብሎኝ ነው በማለት አትፈሩት። የመመረቂያ ጥናታችሁን በአባይ አለቶች ላይ ሥሩ። የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎችም አግዟቸው። ውጤቱ «ይህ አለት ጥሩ ማከማቻ አይደለም» ቢሆንም ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ ጻፉት፤ በሐቅ የተለካ «የለም» ካልተለካ «አለ» ይበልጣል። እስከዚያው ለጠየቁን ሽማግሌዎች «ምልክት ታይቷል፣ ጥራቱ ግን ገና መለካት አለበት» እንበላቸው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን።