ከማዕድ ቤታችን፦ እንቁላል የሌለበት ማዮኔዝ

በዚህ ዓምድ ስለ ጾም ምግብ ስንጽፍ ቆይተናል። የዛሬው ጉዳይ ግን ከራሳችን ስሕተት የተነሣ ስለ ሆነ አስቀድመን ስሕተቱን እንናገራለን፤ አሠራሩንም ቀጥለን እናቀርባለን።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ በአንድ ዓርብ፣ ከአገር ቤት የመጡ ተሳላሚዎች ከቅዳሴ በኋላ በማዕዳችን ተቀመጡ። ከመካከላቸው ጥርሳቸው የደከመ፣ መንገድም ያዛላቸው አረጋውያን ነበሩ። ለእነርሱ ለስላሳ ነገር እናቅርብ ብለን የተቀቀለ ድንችና ካሮት ከሱቅ በተገዛ ማዮኔዝ ለወስን። በጠርሙሱ ላይ «ፓርቬ» የሚል ጽሑፍ ስለ ነበረበት፣ ሥጋም ወተትም ከሌለበት ጾም ነው ብለን ተማምነን ነበር። ሳህኖቹ ከቀረቡ በኋላ ዕብራይስጥ የምታነብ አንዲት እኅት ባዶውን ጠርሙስ ልታጥብ ስታነሣ ጽሑፉን አየች፤ እንቁላል አለበት። እርሷ ደርሳ እስክትነግረን ድረስ አንዲት እናት ቀምሰውት ነበር። ነገሩን በሰሙ ጊዜ እጃቸውን ከሳህኑ አነሡና «ጎልጎታን ልሳለም መጥቼ ጾሜን ገደፍሁ?» ብለው አለቀሱ።

የማዕዱ ኃላፊ አባት ከአጠገባቸው ተቀምጠው «እናቴ፣ ሳያውቁ የቀመሱት በእርስዎ አይቆጠርም፤ ጥፋቱ ሳናነብ ያቀረብነው የእኛ ነው» ሲሉ አጽናኗቸው። እኛም በዚያው ቀን ሁለት ነገር ወሰንን። የመጀመሪያው፣ ጽሑፉን ያላነበብነውን ዕቃ ለማዕድ አለማቅረብ ነው። ሁለተኛው፣ የምንችለውን ሁሉ በእጃችን መሥራት ነው።

ስለ ጽሑፉ ጥቂት እንበል፤ በዚህ አገር የሚገበያይ ተሳላሚ ሁሉ ሊያውቀው ይገባልና። በአይሁድ የምግብ ሥርዓት ሥጋና ወተት አይቀላቀሉም። ከሁለቱም ወገን ያልሆነው ምግብ «ፓርቬ» ይባላል። እንቁላልና ዓሣ ግን ከዚሁ ከፓርቬ ወገን ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ፓርቬ የተባለ ሁሉ በእኛ ሥርዓት ጾም አይደለም። «ጺምሆኒ» የሚለው ቃልም ሥጋ የሌለበት ማለት ነው እንጂ እንቁላልና ወተት ሊኖሩበት ይችላሉ። ከእንስሳት የተገኘ ምንም ነገር እንደሌለበት የሚያመለክተው «ቲቭዖኒ» የሚለው ነው። እንቁላል በዕብራይስጥ «ቤጺም»፣ በዐረብኛ «በይድ» ይባላል። የተጠራጠረ ሰው ባለ ሱቁን በእነዚህ ቃላት ይጠይቅ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዘይትና ውኃ በተፈጥሯቸው አይስማሙም፤ ቢመቱ ለጥቂት ጊዜ ተደባልቀው መልሰው ይለያያሉ። በማዮኔዝ ውስጥ የእንቁላሉ አስኳል ሥራ፣ ዘይቱ በጥቃቅን ጠብታ ሲከፋፈል እያንዳንዷን ጠብታ ከብቦ ዳግም እንዳይገናኙ መያዝ ነው። ይህን የሚያደርጉት በአስኳሉ ያሉት ሌሲቲንና ፕሮቲን ናቸው። ሽምብራ ሲቀቀልም ፕሮቲን፣ ስታርችና እንደ ሳሙና አረፋ የሚሠራ ሳፖኒን የተባለ ነገር ወደ ውኃው ይወጣል። ጆኤል ሮሰል የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2014 የጥራጥሬ ቅቅል ውኃ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚሠራ አሳወቀ። በሚቀጥለው ዓመትም ውኃው «አኳፋባ» የሚል ስም ወጣለት፤ ቃሉ በላቲን ውኃና ባቄላ ከሚሉት የተገኘ ነው።

ሩብ ኪሎ ሽምብራ ሌሊቱን በውኃ ይዘፍዘፍ። ጠዋት የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋና በአዲስ ውኃ፣ ከላዩ በጥቂቱ እስኪሸፍነው ብቻ ተሞልቶ እስኪበስል ይቀቀል። ከእሳት ሲወርድ ወዲያው አይጠንፈፍ፤ በውኃው ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያም በማቀዝቀዣ ይደር። በማግሥቱ የሚጠለለው ውኃ እንደ ተልባ ውኃ በጣት መካከል የሚያጣብቅ መሆን አለበት። ቀጥኖ ከተገኘ በመለስተኛ እሳት ጥቂት ይምጠጥና እንደገና ይቀዝቅዝ። ሽምብራው ለንፍሮ ይሆናል።

ከዚህ ውኃ 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለት 4 የሾርባ ማንኪያ፣ በጠባብና ረዘም ባለ ዕቃ ይደረግ። አንድ የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመርበት። ሰናፍጩ ዱቄት ከሆነ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ኃይሉ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሰናፍጭ ለጣዕም ብቻ አይገባም፤ ዘይቱንም እንዳይለይ ይረዳል። ከዚያ በእጅ በሚያዝ ብሌንደር እየተመታ 200 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይት በመጀመሪያ ጠብ እያለ፣ መወፈር ሲጀምር እንደ ቀጭን ክር እየወረደ ይግባ። መቸኮል ሥራውን ያበላሸዋል። የወይራ ዘይት የሚወድ ሰው በመጨረሻ አንድ ማንኪያ በእጁ ያዋሕደው እንጂ በብሌንደር አይምታው፤ በኃይል ሲመታ ይመርራልና።

ሽምብራ ያላሰናዳ ሰው ስኳር በሌለው የአኩሪ አተር ወተት ሊሠራ ይችላል። ለ120 ሚሊ ሊትር ወተት 240 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃዋል። ሎሚው በዚህ ጊዜ በመጨረሻ ይገባል፤ እርሱም ያወፍረዋል። ተለያይቶ ዘይቱ ከላይ ቢንሳፈፍ አይደፋ። በንጹሕ ዕቃ ሁለት ማንኪያ አዲስ የሽምብራ ውኃ ወይም የአኩሪ አተር ወተት አድርጎ የተበላሸውን በጥቂት በጥቂቱ እየመቱ ቢጨምሩበት ይመለሳል።

የተዘጋጀው ማዮኔዝ በንጹሕ ጠርሙስ ተከድኖ በማቀዝቀዣ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል። እንቁላል ስለሌለበት አይበላሽም ማለት አይደለም። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን አናቀርብም፤ ወደ ዮርዳኖስ የሚወርዱ ተሳላሚዎችም በዚያ ሙቀት በስንቅ ባይዙት እንመክራለን። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የሚፈልግ በሚበላበት ቀን ይጨምር እንጂ በዘይት ውስጥ አያቆየው፤ አደገኛ መርዝ ሊያፈራ ይችላልና። ሰናፍጭና አኩሪ አተር የማይስማማቸው እንግዶችም ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ያቺ ያለቀሱት እናት ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ወደ ማዕድ ቤታችን ገብተው ሥራውን ቆመው ተመለከቱ። ቀምሰውም «ይህማ የስልጆ ወንድም ነው» አሉ። እውነት ብለዋል። ከባቄላ ዱቄት፣ ከሱፍ ውኃና ከሰናፍጭ ስልጆ የሚያሰናዱት እናቶቻችን፣ ጥራጥሬና የቅባት እህል ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ማባያ እንደሚሆኑ ከጥንት ያውቁታል። በዚህ አካባቢም ሰሊጥ በሎሚና በውኃ የሚበጠበጥበት ጠሒና አለ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሎሚና ጨው ብቻ ተመትተው የሚሠሩት «ቱም» የተባለው ማባያም አለ። ቱም በአንዳንድ ምግብ ቤት የእንቁላል ነጭ ስለሚጨመርበት፣ ከውጭ ሲገዛ መጠየቅ አይቀርም።

አንድ አረጋዊ አባት ግን ይህን ሥራ አይተው «የፍስክ መልክ ያለው ምግብ ለጾም ማሰናዳት ጾሙን አያቀልለውምን?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ጾም ከእንቁላል መራቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እንቁላል የሌለበትን ጣፋጭ ሁሉ እስክንጠግብ በልተን ጾምን በተባለ ነበር። ስለዚህ በማዕድ ቤታችን ወሰን አበጅተንለታል። የሚቀርበው ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና መንገድ ለደከማቸው እንግዶች ነው፤ መጠኑም ለአንድ ሰው አንድ ማንኪያ ነው። በሰሙነ ሕማማት ጨርሶ አይሠራም። በዚያ ሳምንት እንጀራና ንፍሮ፣ በጸሎተ ሐሙስም ጉልባን ይበቃናል። ጤነኛው ያለ ማባያ ቢበላ ምንም አይጎድልበትም፤ ጥርስ ለሌላቸው እናት ግን ደረቅ ድንች አቅርቦ «ጹሙ» ማለት እንግዳ መቀበል አይደለም።

እንግዳ በገዳም ማዕድ ሲቀመጥ የቀረበለትን አይመረምርም፤ እኛን አምኖ እጁን ይዘረጋል። ያን እምነት አንድ ጊዜ ሳናነብ አጓድለነዋል። አሁን ግን በመደርደሪያችን ላይ ያለው ጠርሙስ የተሠራበት ቀንና በውስጡ ያለው ሁሉ በአማርኛ ተጽፎበታል። እናንተም በየቤታችሁ ስትሠሩ እንዲሁ ብታደርጉ መልካም ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።