«የሚያስቆም ነገር ስጡኝ» ለምትባሉ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፤ ግልጽ ደብዳቤ

በየከተማውና በየገጠሩ በፋርማሲ፣ በመድኃኒት መደብርና በገጠር መድኃኒት ቤት ለምትሠሩ ባለሙያዎች፤

የጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። አብዛኞቻችሁን በአካል አላውቃችሁም። የእጅ ጽሑፋችሁን ግን አውቀዋለሁ፤ እናቶች ከቦርሳቸው በሚያወጡት የመድኃኒት ኤንቨሎፕ ላይ በየዕለቱ አነበዋለሁና። የምጽፍላችሁ ስለ ሎፔራማይድ ነው። ኢሞዲየም የሚለውም አለ። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ ስሙን አይጠራም፤ «ዶክተር፣ ተቅማጥ የሚያስቆም ነገር ስጪኝ» ነው የሚለው። ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ማለት ልማዳችን ነው፤ እናንተም ሳታርሙ ታልፉታላችሁ። አይከፋም፣ ግን ከተጠራችሁ አይቀር እንደ ዶክተር መጠየቅም ይጠበቅባችኋል።

መድኃኒቱን ለማውገዝ አልተነሣሁም። ከአዲስ አበባ ጅማ ለመሳፈር ትኬት የቆረጠ፣ ትኩሳት የሌለበት፣ ሰገራው ላይ ደም ያላየ ጎልማሳ መናኸሪያው በር ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ቢገዛው ምንም ቅሬታ የለኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት እንክብል፣ ማለትም 4 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ቀጭን ሰገራ በወጣው ቁጥር አንድ እንክብል። ሐኪም አዝዞለት ከሆነ የቀኑ ጣሪያ 16 ሚሊ ግራም ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሚወስድ ሰው አሜሪካኖች ጣሪያውን በግማሽ ቀንሰው 8 ሚሊ ግራም አድርገውታል፤ እኔም ይህንኛውን እመርጣለሁ። በሁለት ቀን ካልተሻለው መድኃኒቱን ትቶ ይመርመር። በቃ፣ ይኼው ነው።

ኤንቨሎፑ ላይ የማነበው ግን «1×3» የሚል ነው። ይህ መድኃኒት እንደ አሞክሳሲሊን ሰዓት ተጠብቆ የሚዋጥ እንዳልሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ተቅማጡ ትናንት የቆመለት ሰውዬ የተጻፈለትን አክብሮ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መዋጡን ይቀጥላል፤ በሦስተኛው ቀን ሆዱ ተነፍቶ፣ ድርቀት ይዞት፣ አሁን ደግሞ «የሚያስኬድ ነገር» ፍለጋ ይመጣል። ስትሪፑንም በመቀስ ቆርጣችሁ ነው የምትሸጡት። የመድኃኒቱ ስምና የአገልግሎት ዘመኑ የታተመበት ጠርዝ እናንተ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ስም የሌለው እንክብል ነው። «ምን ወሰደ?» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «አረንጓዴ ነገር ያለበት» የሚል ነው። ኤንቨሎፑ ላይ «ሎፔራማይድ 2 ሚ.ግ.፣ ቀጭን ሰገራ በወጣ ቁጥር 1፣ ከ2 ቀን በላይ አይወሰድ» ብሎ ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ብዕር ያስነሣኝ ግን የአዋቂው ጉዳይ አይደለም፣ የሕፃናቱ ነው።

አንዲት እናት ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ልጇን ታቅፋ መጣች። ተቅማጥና ትውከት ይዞት ነበር። ከአንድ መድኃኒት ቤት እንክብሉን ከፍታ ግማሹን ዱቄት በወተት እንድትሰጠው ተነግሯታል፤ እንደተባለችው አድርጋለች። «ተቅማጡማ ቆሞለታል እኮ» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ዳይፐሩ ደረቅ ነበር። ሆዱ ግን እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው እጥፋቱ እንዳለ ቆየ። የሚጠፋው ፈሳሽ መጥፋቱን አላቆመም፤ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ በማይንቀሳቀስ አንጀት ውስጥ ተጠራቀመ እንጂ። ከደሙ የወጣው ውኃ ወደ ደሙ አልተመለሰም። እናትየዋ ዳይፐሩን እያየች ተሻለው ብላ ሌሊቱን ተኛች፤ ወደ እኛ ማምጣት የነበረባት ያን ሌሊት ነበር። ልጁ ወደ ሆስፒታል ተልኮ ተርፏል። የመድኃኒት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ይህ የእኔ የግል ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። ፓኪስታን ውስጥ የሎፔራማይድ ጠብታ የተሰጣቸው ሕፃናት አንጀታቸው ሽባ ሆኖ እንደሞቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ፤ አምራቹ ያንሰንም ጠብታውን ከገበያ ለማንሣት ተገደደ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመው መጽሐፍ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን በሎፔራማይድና በመሰል ተቅማጥ አስቋሚ መድኃኒቶች ማከም እንደማይገባ በግልጽ አስፍሯል። የመድኃኒቱ መግለጫም ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ጨርሶ መሰጠት እንደሌለበት ይናገራል። ታዲያ ጠብታው ስለተከለከለ እንክብሉን ከፍቶ መስጠት ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

ስለ ሕፃናት ከተነሣ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ስለሚልከው ብልቃጥም አንድ ነገር ልበል። ሰው ይዞት መጥቶ «ይኼ ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እናንተን ነው። ላዩ ላይ ሎሞቲል ወይም ዳይፈኖክሲሌትና አትሮፒን የሚል ካያችሁ፣ ያም ተቅማጥ የሚያስቆም መድኃኒት ነውና፣ እባካችሁ ሰውየውን ዝም ብላችሁ አትሸኙት። እዚያ አገር ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ዳይፈኖክሲሌቱ የኦፒዮይድ ቤተሰብ ነው፤ አትሮፒኑ በጥቂቱ የተጨመረው ሰው ለስካር ብሎ እንዳያበዛው ነው። ትንሽ ልጅ ጥቂት ፍሬ ቢውጥ መጀመሪያ ፊቱ ይቀላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ያተኩሰዋል፤ ከዚያ የተሻለው ይመስልና ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ትንፋሹ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ «ተሻለው» ተብሎ ቤት የሚቀመጥ ልጅ አይደለም። ብልቃጡ ኮመዲኖ ላይ ሳይሆን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ንገሯቸው።

ደም ያለበት ተቅማጥና ትኩሳት ላለበት ሰውም፣ አዋቂ ቢሆን እንኳ፣ ሎፔራማይድ አይሰጥም። ሺጌላን የመሰለ ባክቴሪያ ከነመርዙ አንጀት ውስጥ መዝጋት በሽታውን ማክፋት ነው። ኮሌራን የመሰለ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) ባለበት ወቅት ደግሞ እንደ ውኃ የሚወርድ ተቅማጥ ይዞት የመጣን ሰው «የሚያስቆም» ሰጥቶ ቤቱ መላክ ውድ ሰዓት ማባከን ነው። በኮሌራ ሰው የሚሞተው ፈሳሽ ከሰውነቱ አልቆ ነው፤ ሰዓታት ብቻ ሊበቁ ይችላሉ።

ሌላው ከባድ ነገር ገዢው ጮክ ብሎ የማይነግራችሁ መድኃኒት ነው። ለጨጓራ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን የጀመረ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። መድኃኒቱ ራሱ ተቅማጥ ያመጣል፤ ሰውየውም ያንን ለማስቆም እናንተ ጋ ይመጣል። ሪቶናቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱም እንዲሁ። ሁለቱም፣ ኬቶኮናዞልም ጭምር፣ ሎፔራማይድ በደም ውስጥ ከተለመደው በላይ እንዲጠራቀም ያደርጋሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ሎፔራማይድ ሲበዛ የልብ ምትን እስከ ሞት ሊያዛባ እንደሚችል ተናግሯል። አንድ ሁለት እንክብል ይህን ያደርጋል አልልም። «1×3» ተጽፎለት ለሳምንት የሚውጥ ሰው ግን ያሳስበኛል። አምስት ሰው በተሰለፈበት «የቫይረስ መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብላችሁ እንደማትጠይቁ አውቃለሁ፤ እንዳትጠይቁም። ወደ ጎን ጠራ አድርጋችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ «ሌላ በየቀኑ የምትወስደው መድኃኒት ካለ ስሙን ወረቀት ላይ ጻፍልኝ» ማለት ግን ይቻላል። የምትሠሩት ሰው በሚያፍርበት ጉዳይ ላይ ነውና ገመናውን የሚሸፍን አንድ ጥግ ካጣችሁ መድኃኒት ቤቱ ጠቧል ማለት ነው።

ለሕፃን ታዲያ ምን እንስጥ ትሉኝ ይሆናል። መልሱ መደርደሪያችሁ ላይ አለ፦ ኦአርኤስና ዚንክ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በኮሌራ በሚያልቁበት ባንጋዎን በተባለው የሕንድ ድንበር ከተማ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው የተቀላቀለበት ውኃ በአፍ እንዲጠጡ አደረገ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ። እናንተ በርካሽ የምትሸጡት ፓኬት ታሪኩ ይኼ ነው።

ፓኬቱን ስትሸጡ ግን የሃይላንዱን ነገር አትርሱ። ብዙ እናቶች የአንድ ሊትሩን ፓኬት በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይበጠብጡታል፤ ጨውና ስኳሩ ይበዛና ልጁን ይጎዳዋል። የአንድ ሊትሩን ጠርሙስ በእጃችሁ አሳዩአት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ልጁን ባስቀመጠው ቁጥር በማንኪያ ወይም በኩባያ ቀስ እያለ እንዲጠጣ፣ ቢያስታውከው አሥር ደቂቃ ጠብቃ እንድትቀጥል ንገሯት። ጡት አይቋረጥም። ዚንክ ከስድስት ወር በታች ላለ 10፣ ከዚያ በላይ ላለ 20 ሚሊ ግራም በቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ ይሰጣል። «ቆሞለታል፣ ለምን ይውጣል?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርምና ቀድማችሁ መልሱት።

የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ አሁን የምለው ለእናንተ ነው። ካውንተር ላይ የቆመችው ልጅ ይህን ሁሉ ተምራዋለች። ቢሆንም ሎፔራማይዱን የምትሸጠው የቀን ሽያጩን ስትቆጥሩ ፊታችሁ ስለሚታያት ነው። «እኔ ባልሰጥ ቀጥሎ ያለው ይሰጠዋል» የሚለውን ክርክር ሰምቼዋለሁ፤ ከኪራዩ ጋር ሆኖ የሚከብድ ክርክር ነው። ቀጥሎ ያለውም ግን ይህንኑ ስለ እናንተ ይላል። ኦአርኤስ ትርፍ የለውም፤ አውቃለሁ። ሆኖም ልጇ የዳነላት እናት ለሚቀጥለው መድኃኒት ሁሉ ወደ እናንተ ትመለሳለች፤ ነጋዴ ይህን ስሌት ያጣዋል ብዬ አላምንም።

የምለምናችሁ ጥቂት ነው። ሎፔራማይድን ከፊት መደርደሪያ አንሡትና በቦታው ኦአርኤስና ዚንክን አስቀምጡ። ከመሸጣችሁ በፊት ለማን እንደሆነ፣ ደምና ትኩሳት መኖሩን ጠይቁ። ለልጅ ከሆነ አትስጡ። ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደነዘዘ ደግሞ ምንም ሳትሸጡ ላኩልን፤ «ጤና ጣቢያ ሂጂ» ከማለት ይልቅ «አሁኑኑ ሂጂ፣ ኦአርቲ ኮርነር የት ነው ብለሽ ጠይቂ» በሏት። እዚያ ካርድ ሳታወጣ ተቀብለን ለልጁ ኦአርኤስ ማጠጣት እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕፃናት ክፍል ነርስ